የወንድም ጋሼ ሳጥን እና የብስክሌቱ ደወል

እንደ ወንድም ጋሼ መደበቅ የሚያውቅ ልጅ በሰፈራችን አልነበረም። አልጋ ሥር ይገባል፣ ከተንጠለጠሉ ካፖርቶች ኋላ ይቆማል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ በላዩ ደፍቶ እንደ ኤሊ ተቀምጦ ነበር። አያስልም፣ አይስቅም፣ ትንፋሹ እንኳ አይሰማም። እኔ ግን ሁልጊዜ አገኘዋለሁ። እማዬ ጫማ አድርገን ወደ ውስጥ እንዳንገባ አድርጋ ስላሳደገችን፣ የትም ሲደበቅ ጫማውን አውልቆ፣ ጥንዱን አስተካክሎ፣ መደበቂያው ደጃፍ ላይ ያስቀምጣል። ቁም ሳጥን ውስጥ ሲገባም ያው ነው። "እንዴት አወቅሽ?" ብሎ ይናደዳል። አልነግረውም ነበር። ከነገርኩትማ ጨዋታው አበቃ።

ወንድም ጋሼ ካረፈ ጥቂት ወራት አልፈዋል። ያለቀስኩትን ያህል አልቅሻለሁ፤ አሁንም አንዳንድ ጠዋት ካፖርቱን ግድግዳው ላይ ሳየው ሆድ ይብሰኛል። ቁጭ ብዬ ስለሱ ልጻፍ ስል ግን የሚቀድመኝ ሳቅ ነው። ስለዚህ የምጽፈው ስለ ሕመሙ አይደለም። የመጨረሻ ሥራውን ልሰብር ወንበር ላይ ስለተቀመጥኩበት ቀን ነው።

ሥራው በኮምፒውተር ውስጥ ኮንቴይነር የሚባለውን ነገር መጠበቅ ነበር። በመሥሪያ ቤታችን ሁሉም ሰው "ሳጥን" ነው የሚለው። እማዬ ምን እንደሆነ ስትጠይቀው ያስረዳትን ነው የምጽፈው፤ እኔም ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

"አንድ ትልቅ የኪራይ ቤት አስቢ፣ እማዬ። ብዙ ተከራይ አለበት። በክፍሎቹ መካከል ያለው ግድግዳ ግን የእውነት ግድግዳ አይደለም። ቤቱን ቤት ያደረገው አንድ ዘበኛ ነው። ውሃ የፈለገ፣ መብራት የፈለገ፣ ደብዳቤ የሚልክ፣ ሁሉም በዘበኛው መስኮት ነው የሚጠይቀው። እሱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ተከራይ 'በዚህ ቤት ካንተ በቀር ሰው የለም' እያለ ይዋሻል።"

"ዋሾ ዘበኛ ነው የቀጠራችሁት?"

"ለደግ ነው የሚዋሸው። ከርነል ይባላል፤ የማሽኑ ዋና ፕሮግራም ነው። ሳጥን የምንለው እያንዳንዱ የተከራይ ክፍል ነው፤ በውስጡ የአንድ ደንበኛ ፕሮግራም ይኖራል።"

እማዬ ትንሽ አሰበችና፣ "ታዲያ አንዱ ተከራይ ዘበኛውን ቢያታልለውስ? የጎረቤቱ ክፍል ድረስ ይገባላ?" አለችው።

ወንድም ጋሼ ከወንበሩ ተነስቶ ግንባሯን ሳማት። "እኔን የቀጠሩኝ ለዚህች ጥያቄ ነው" አላት።

ሥራው ይኸው ነበር። ዘበኛው ከብዙ ጥያቄዎች መካከል የትኞቹን ጭራሽ እንዳይሰማ፣ የትኞቹን መስኮቶች ለየትኛው ተከራይ እንዲዘጋ ሲወስን ይውላል። ተከራዩ ሥራውን መሥራት አለበት፤ ሁሉንም መስኮት ብትዘጋበት ይሞታል። አንዲት ብቻ ከረሳህ ደግሞ ይወጣል። ሰው ከሳጥኑ ወጣ ማለት የጎረቤቱን ጓዳ አየ ማለት ነው።

ደወሉን ያመጣው እሱ ነው። አሮጌ የብስክሌት ደወል ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር በብሎን አሰረና ከተሰበረ መጫወቻ መኪና የወጣች ትንሽ ሞተር ገጠመለት። ሞተሯን በሽቦ ከዋናው ማሽን ጋር አገናኛት። ዋናው ማሽን ላይ "ደወል" የሚባል ማኅደር አለ። እዚያ ውስጥ ማንኛውም ፋይል ሲቀመጥ ሞተሯ ትዞርና ደወሉ ይጮኻል። ማኅደሩ ያለው ከሳጥኖቹ ውጭ፣ በዘበኛው በኩል ስለሆነ ሳጥን ውስጥ ያለ ሰው ሊደርስበት አይችልም። ከደረሰበት አምልጧል።

አዲስ ሳጥን ለደንበኛ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ሰው እስረኛ ይሆናል። ሳጥኑ ሲሠራ እጁ ያልገባበት፣ የውስጡን ጽሑፍ ያላነበበ ሰው መሆን አለበት፤ ከውጭ የመጣ ሌባ የሚያየውን ብቻ ነው የሚያየው። ከጠዋት እስከ ሥራ መውጫ እስረኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በሳጥኑ ውስጥ ባለ ፕሮግራም በኩል ብቻ እየሠራ ደወሉን ለመደወል ይታገላል። ከደወለ ሁሉም ከወንበሩ ተነስቶ ያጨበጭብለታል፣ ሳጥኑ ይወድቃል፣ ቀዳዳውን የሚደፍነውም ራሱ የደወለው ሰው ነው። ሕጉን ያወጣው ወንድም ጋሼ ነበር። አንድ ጊዜ የሥራ ባልደረባችን ቁልፌ ወንድም ጋሼ ራሱ የሠራውን ሳጥን ሰብሮ በአንድ ሰዓት ደወሉን ሲያስጮኸው፣ ወንድም ጋሼ ከሁሉ ቀድሞ ተነስቶ፣ መዳፉ እስኪቀላ አጨበጨበ።

ቁልፌ የማሽኖቹ ኃላፊ ነው። ስሙን ያገኘው ወገቡ ላይ ከሚያቃጭሉት ቁልፎች ነው። ከመምጣቱ በፊት ድምፁ ይመጣል። ከሱ ጎን የምትቀመጠው ሳቂታ ናት፤ ስለሷ ስሟ ይናገራል። እኔ ደግሞ የደንበኞችን ስልክ ነበር የማነሳው። የሳጥንን ነገር የተማርኩት ወንድም ጋሼ አልጋ ላይ በዋለበት ጊዜ፣ በአሮጌ ላፕቶፑ ነው። አስተማረኝ ማለት ይከብዳል። የድሮ፣ የወደቁ ሳጥኖቹን ይሰጠኝና "በይ እስቲ ውጪ" ብሎ ዓይኑን ይጨፍናል። ስጠይቀው "እኔ እስረኛ አላግዝም" ይላል። ማታ ማታ ካነበብኩት፣ ቀን ቀን ከሞካከርኩት ለቃቅሜ አንድ ቀን ስወጣለት፣ ደወሉ ቤት ስላልነበረ በአፉ "ቅጭል ቅጭል!" አለልኝ። እማዬ ከጓዳ "ማን መጣ?" እያለች ወጣች።

የመጨረሻውን ሳጥኑን ትራስ ተደግፎ ነው የጨረሰው። ለአንድ የሆስፒታል ላቦራቶሪ የታሰበ ነበር። የሕመምተኞቹ የምርመራ ውጤት እኛ ማሽን ላይ፣ ከማናውቃቸው ሰዎች ፕሮግራም ጎን ለጎን ይቀመጣል። ቁልፌም፣ ሳቂታም፣ አለቃችንም የየድርሻቸውን ስለጨመሩበት ለእስረኝነት የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

አለቃችን ሲነግሩኝ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ኦቾሎኒ ወደኔ ገፋ አደረጉት። እንዲህ የሚያደርጉት ነገሩ ሲከብዳቸው ነው።

"ካልፈለግሽ ይገባኛል" አሉ። "ግን እውነቱን ልንገርሽ። የላቦራቶሪዋ ኃላፊ ሐሙስ ሥራ መውጫ ላይ ይመጣሉ። ደወሉ ካልጮኸ ይፈርማሉ። ከጮኸ ወደ ሌላ ድርጅት ይሄዳሉ። እኛም የወንድምሽን ሳጥን ቆልፈን እናስቀምጠዋለን፤ ያለ ደንበኛ ልናሳድገው አቅም የለንም።"

ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር። ካቃተኝ የወንድሜ ሥራ ይኖራል። ካላቃተኝ ገዳዩ እኔ ነኝ።

ሐሙስ ጠዋት እማዬ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ዛሬ የወንድምሽን ሳጥን ልትሰብሪ ነው አሉ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ቁልፌ ነዋ! ትናንት ደውሎ ዘረገፈልኝ። ይሄ ሰውዬ አንዲት ወሬ ሆዱ አታድርለትም፣ እንዴት ብላችሁ ነው ቁልፍ ያስያዛችሁት?"

ሳቅሁ። እሷ ግን የካፖርቴን አንገት ማስተካከል ጀመረች፤ ኮስተር ስትል እጇ ሥራ ይፈልጋል።

"አንድ ነገር ብቻ" አለችኝ። "እንዳታዳይለት። ትንሽ ሆናችሁ አይተሽው እንዳላየሽ ስትሆኚለት ምን እንዳደረገ ታስታውሻለሽ?"

አስታውሳለሁ። አንድ ሙሉ ቀን አኩርፎኝ ነበር።

የእስረኛው ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነው። ማንም አይጠግነውም፣ እስረኛ መመቸት የለበትም ይላሉ። ተቀመጥኩ። ቁልፌ ሳጥኑን አስነሳና ዘጋው። ሳጥኑ ሲዘጋ ደወሉ አንድ ጊዜ "ቅጭል" አለ። ይህ የወንድም ጋሼ ቀልድ ነው። የትግል መጀመሪያ ፊሽካ እንዲሆን ብሎ ያስገባው። ሳቂታ ሁልጊዜ በዚያች ድምፅ ትስቃለች፣ ያን ቀንም ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗን ጠረገች።

"እስረኛ ሆይ" አለ ቁልፌ፣ "ኑዛዜ ካለሽ አሁን ተናገሪ።"

"አንተ አስቀድመህ ተናዘዝ። ለእናቴ ምስጢር የምታወጣ!"

"እሳቸው እኮ መርማሪ ናቸው! 'እንዴት ዋልክ ልጄ' ሲሉኝ ሁሉንም ነገርኳቸው።"

ጀመርኩ። መጀመሪያ ዘበኛውን የዋናውን ማሽን ዲስክ ጠየቅሁት። እንዲህ ያለ ነገር የለም አለኝ። በሳጥኑ ውስጥ ሌላ ክፍል ልሥራ አልኩት። መስኮቱን ዘጋብኝ። ቀጥሎ አንድ የታወቀ የተንኮል መንገድ ሞከርኩ። ፕሮግራም በድንገት ሲሞት ዘበኛው ከሳጥኑ ውጭ አንድ ሬሳ መርማሪ ፕሮግራም ይጠራል፤ የመርማሪው ስም አንዲት መስመር ላይ ተጽፏል። ያቺን መስመር መለወጥ የቻለ እስረኛ የራሱን ሰው መርማሪ አድርጎ ይሾማል፣ ከዚያ ሆነ ብሎ አንድ ፕሮግራም ይገድላል፣ የራሱ ሰው ውጭ ይነሳለታል። መስመሯን አገኘኋት። ልጽፍባት ስል፣ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይቻልም ተባልኩ።

"እሰይ የኔ ጌታ!" ብዬ ጮኽኩ።

ሳቂታ ወንበሯን አዞረች። "ስሙኝማ! እስረኛ ለዘበኛ እልል ስትል አይቼ አላውቅም።"

ምን ላድርግ፣ ደስ አለኝ። በየደረስኩበት እሱን አገኘው ነበር። ሌላ ሰው "አይቻልም" ብሎ የሚያልፍበት ቦታ ላይ እሱ ሁለት ጊዜ ቆልፏል። እኔ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ በድሮ ሳጥኖቹ የወጣሁባቸው ቀዳዳዎች በሙሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ ተደፍነዋል። ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቷል ስል ለካ ያየኝ ነበር! እየሰረቅሁ የመሰለኝን ሁሉ ከኔ ተምሮበታል። እምቢታው በበዛ ቁጥር እየሳቅሁ፣ እያፏጨሁ እሠራ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ቁልፌ ሻይ ይዞልኝ መጣ።

"ለእስረኛ ሻይ ይፈቀዳል?"

"ለተሸናፊ እስረኛ ይፈቀዳል። በቃ ተነሺ አንቺ ልጅ። አሸንፎሻል፣ ሙት እንኳ ሆኖ።" ይህን ብሎ ደነገጠ። "ይቅርታ፣ አፌ ነው።"

"እሱ ቢሰማህ በሳቅ ይፈርስ ነበር" አልኩት። እውነቴን ነበር።

ትንሽ ቆይቶ የላቦራቶሪዋ ኃላፊ ገቡ። አጠር ያሉ፣ ፈጣን ሴት ናቸው፤ ነጩን ጋዋን ሳያወልቁ፣ ካፖርታቸውን ደርበውበት መጥተዋል። አለቃችን ከመስታወቱ ወዲያ ባለው ክፍል አስቀምጠው ኦቾሎኒ ገፉላቸው። እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ይታየኛል።

እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሳሁ። የማውቀውን ሁሉ ሞክሬያለሁ። ሻዩን ጠጥቼ፣ ሰዓቱ እስኪደርስ ቁጭ ብዬ ደወሉን ማየት ነበር የቀረኝ።

እናም አየሁት። ጸጥ ብሎ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ጠዋት ግን ጮኾ ነበር። ማነው የደወለው?

ሳጥኑን የሚዘጋው አስጀማሪ ፕሮግራም ነው። ለመደወል ደግሞ የደወሉን ማኅደር መክፈት አለበት። አንድ ፕሮግራም የሆነ ነገር ሲከፍት ዘበኛው እጀታ ያስጨብጠዋል፤ ያ ፕሮግራም ሌላ ፕሮግራም ሲያስነሳ፣ ጨብጦት የነበረውን እጀታ ሁሉ፣ ልቀቅ ካልተባለ በቀር፣ ለሚያስነሳው ያወርሰዋል። አስጀማሪው ከሚያስነሳቸው ልጆቹ ሁሉ የመጀመሪያው፣ እኛ በኩር የምንለው፣ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ከሱ እጅ ወጥቶ ነው። የራሴን እጀታዎች ጠዋት አይቻቸው ነበር፤ ለማንኛውም ፕሮግራም ከሚሰጡት ከተለመዱት በቀር የለኝም። እኔ ግን ሳጥኑ ከተዘጋ በኋላ በሌላ መንገድ የገባሁ ነኝ፤ ከአስጀማሪው የወረስኩት የለም። በኩሩን አላየሁትም።

ወንድም ጋሼ ሁሉን ቆልፎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ውስጥ ተቀምጧል። ጫማውን የት አስቀመጠ?

የበኩሩን እጀታዎች የሚያሳየውን ቦታ ከፈትኩ። ከተለመዱት ቀጥሎ አንድ ሌላ ነበረ። ወደ "ደወል" የሚወስድ። ጥንዱ ተስተካክሎ፣ ደጃፉ ላይ።

ሁላችንም እንድንደውልበት ብሎ ማኅደሩን ለማንም ክፍት አድርጎት ነበርና የሚያግደኝ አልነበረም። በእጀታው ገባሁ፣ አንድ እርምጃ ወደ ላይ ወጣሁ፣ ሌላ አንድ፣ የዋናውን ማሽን ስም የያዘውን ፋይል አነበብኩት። ወጥቻለሁ። ከሳጥኑ ውጭ ቆሜ ነበር።

ሳቂታ ስልክ ላይ ናት። ቁልፌ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ማንም አላየም። ከመስታወቱ ወዲያ ኃላፊዋ እስክሪብቶውን አንስተው በሁለት ጣታቸው ያሽከረክሩታል።

ዝም ብል የወንድሜ ሥራ ዛሬውኑ ይኖራል። ቀዳዳውን በኋላ በዝግታ እደፍነዋለሁ። ከዚያ ግን አኩርፎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተቀመጠ ልጅ ታየኝ። አይታኛለች፣ እንዳላየች ሆነችልኝ እያለ ለእማዬ ሲከስሰኝ።

አንድ ባዶ ፋይል "ደወል" ውስጥ አስቀመጥኩ።

ደወሉ ጮኸ። እንደ ጠዋቱ አንድ ጊዜ ብሎ ዝም አላለም፣ ቅጭልጭል እያለ ቀጠለ፣ ሞተሯ እንደ ንብ እያጉረመረመች። ቁልፌ ዞሮ ደወሉን አየ፣ እኔን አየ። ሳቂታ ስልኩን አፏ ላይ እንደያዘች ቀረች። በሕጉ መሠረት ሁሉም ተነስቶ ማጨብጨብ ነበረበት። ማንም አልተነሳም። እንዴት ያጨብጭቡ?

እኔ ተነሳሁ። አጭሯ የወንበር እግር ቋ አለች። "ጫማውን እኮ ደጃፍ ላይ ትቶት ነው!" አልኩና ሳቄ ፈነዳ። እንባዬም አብሮ መጣ፣ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም። ማጨብጨብ ጀመርኩ። ለራሴ አልነበረም። ሳቂታ ተከተለችኝ፣ ከዚያ ቁልፌ ቁልፎቹን እያቃጨለ።

የመስታወቱ በር ተከፈተና ኃላፊዋ ብቅ አሉ።

"ምንድን ነው ይሄ ደወል? እሳት ተነሳ?"

አለቃችንን አየናቸው። አንድ ኦቾሎኒ በጣታቸው ይዘዋል። መልሰው አስቀመጡት።

"እስረኛችን አመለጠች" አሉ። "ለእርስዎ ላቦራቶሪ ያዘጋጀነው ሳጥን ዛሬ ወድቋል። ደብቄዎት አላስፈርምዎትም።"

ኃላፊዋ ወደኔ መጡ። "እርስዎ ነዎት ያመለጡት?"

"አዎ።"

"የሠራውስ ማነው?"

"ወንድሜ። በሕይወት የለም።"

"እና እርስዎ ከጠዋት ጀምሮ ሊሰብሩት ሲታገሉ ዋሉ?"

"ደስ ይለው ነበር" አልኩ። አሁንም አፍንጫዬን እየጠረግሁ እስቅ ነበር፤ አብዳለች ብለው ሳያስቡ አልቀሩም።

ወንበር ስበው ተቀመጡ። "በኔ ላቦራቶሪ" አሉ፣ "የመመርመሪያ ማሽኖቹ ጠዋት ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በሽታ እንዳለበት አስቀድሜ የማውቀውን ደም እሰጣቸዋለሁ። በሽታውን ካገኙት ሥራ ይጀምራሉ። 'ንጹሕ ነው' ካሉኝ አጠፋቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ድርጅት ሄጄ 'ከሳጥናችሁ ሰው አምልጦ ያውቃል?' ብል 'በፍጹም' አሉኝ። 'ማን ሞክሮ?' ብላቸው ተያዩ።" ወደ ደወሉ በአገጫቸው አመለከቱ። "ይሄን ነገር ለመጠገን ምን ያህል ጊዜ ትፈልጋላችሁ?"

ቁልፌ ቸኮለ። "ጥፋቱ እኮ የሳጥኑ አይደለም፣ የደወሉ ነው! ደወሉን ነቅለን ብንጥል ዛሬውኑ—"

"አይነቀልም!" አልን ሦስታችንም በአንድ አፍ፣ እኔ፣ ሳቂታ እና አለቃችን።

"ደግሞም የሳጥኑ ነው" አልኩት። "ነገ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ጨብጦ ቢዘጋውስ? የሚዘጋው ማንም ይሁን ማን፣ ሳጥኑ ሲዘጋ ማንም ባዶ እጁን ነው መግባት ያለበት።"

"ያቺን የደወል መስመር ስንት ጊዜ አንብቤያታለሁ" አለች ሳቂታ፣ ጭንቅላቷን ይዛ። "በደረስኩባት ቁጥር እስቅና አልፋለሁ። አሳቀን እኮ! አሳስቆ አሳለፈን!"

"አንድ ሳምንት" አሉ አለቃችን።

"አንድ ሳምንት" አሉ ኃላፊዋ። እስክሪብቶውን ኪሳቸው ከተቱት። የኛ እስክሪብቶ መሆኑን ያወቅነው ከሄዱ በኋላ ነው፤ ቁልፌ "እንግዲህ መመለሳቸው አይቀርም" አለ።

በሕጉ መሠረት የምደፍነው እኔ ነበርኩ። የወንድም ጋሼን ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈትኩት ያን ጊዜ ነው። ደወሏን የምትደውለው መስመር እሱ እንደጻፋት ተቀምጣለች። አልነካኋትም። ከሥሯ፣ በኩሩ ከመነሳቱ በፊት፣ አስጀማሪው ከተለመዱት በቀር የጨበጠውን ሁሉ እንዲለቅ የሚያዝ አንድ መስመር ጨመርኩ። ቀጥሎ የሚያነበው ሰው እንዲገባው ደግሞ ከመስመሩ ጎን በሰው ቋንቋ ማስታወሻ ይጻፋል። ብዙ አሰብኩና እንዲህ አልኩ፦ "ጫማህን አንሳ፣ ወንድም ጋሼ። ያገኘሁህ በሱ ነው።"

ዕድሜ ልኬን የደበቅሁትን ነገርኩት።

ማታ ለእማዬ ስነግራት መጀመሪያ አልገባትም። የጫማው ላይ ስደርስ እጇን በአፏ ጫነች። "አንቺ! ያን ሁሉ ዘመን በጫማው ነበር የምታገኚው?" አዎ ስላት ሶፋው ላይ ተደገፈች፣ ሳቀች፣ ጎኗን ይዛ ሳቀች። "እኔ ደግሞ እንዴት ያለ አዋቂ ልጅ ወለድኩ እል ነበር!" ካረፈ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው።

በሳምንቱ ሳቂታ አዲሱን መስመሬን ስላላየች እስረኛ ሆነች። ሌላውን ማወቋ እንዲያውም ይበጃል አሉ አለቃችን፣ ቤቱን የሚያውቅ ሌባ ነው ከባዱ። ቀኑን ሙሉ ታገለች። ተሳደበች፣ ለመነች፣ ዘበኛውን በሻይ ልትደልለው ሞከረች። የበኩሩን እጀታዎች ከፍታ ከተለመዱት በቀር ባዶ ሆኖ ስታገኘው ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው። ሳጥኑ ፍንክች አላለም። ኃላፊዋ ከእስክሪብቷችን ጋር መጥተው፣ በሱው ፈረሙ።

ላቦራቶሪው ሥራ በሚጀምርበት ጠዋት እማዬ "እኔም ልየው" አለች። ምን እንደምታይ ልነግራት ሞከርኩ፤ ጥቁር ማሽን ነው፣ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሌላ የሚታይ የለውም አልኳት። "እኔ ዘበኛውን ነው ማየት የምፈልገው" አለች።

ቁልፌ በክብር ተቀብሎ ከእስረኛው ወንበርና ከደወሉ አሳልፎ ወደ ማሽኖቹ ክፍል ወሰዳት፤ በሩን ከፈተላት። እማዬ ደፉ ላይ ቆመች። ወደ ውስጥ አየች፣ ንጹሑን ወለል አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች፣ ጥንዱን አስተካክላ ደጃፉ ላይ አስቀመጠችና በካልሲዋ ገባች።

ቁልፌ "ኧረ እማማ፣ አያስፈልግም" ሊል አፉን ከፈተ። እጁን ያዝ አደረግሁት፣ ተዋት አልኩት በዓይኔ። ሳቂታ ግድግዳውን ተደግፋ ትንፋሿን ውጣ ትስቃለች።

አለቃችን ከጠረጴዛቸው "እሺ፣ ዝጉት" አሉ። ሳጥኑ ተዘጋ። መደርደሪያው ላይ ያለችው ደወል አንድ ጊዜ "ቅጭል" አለች።

እማዬ ከማሽኖቹ መካከል ዘወር አለች። "ማን መጣ?" አለች።